የቤርቶሜ መስኮት

ማነና መቅዘፊያዎቿን ነክራ ጀልባዋን ከመርከቡ ጎን ስታላቅቅ ጎታርዶ ገና አልተቀመጠም ነበር። አንድ እግሩን ጆንያው ላይ ጭኖ፣ የጥቁር ባሕር ፀሐይና ጨው ያነጣውን ቆቡን ወደ ማጅራቱ ገፋ አድርጎ፣ ወደ የብስ አፍጥጧል። የትውልድ ከተማው ካሞሊ ግን ገና አትታይም። መጀመሪያ ወደቧን የጋረደውን የድንጋይ አፍንጫ መዞር ያስፈልጋል።

"ተቀመጥ እንጂ አንተ! ልትገለብጠን ነው እንዴ?" አለችው። "ጦር ሜዳ ደርሰህ መጣህና ጀልባ ላይ መቀመጥ ጠፋህ?"

"እማማ ማነና፣ ዛሬስ ተቀመጥ አትበይኝ። መቀመጫዬ እሺ አይለኝም።"

"ተዪው እባክሽ፣ ዛሬ አለቃ አይደለም፤ ሙሽራ ነው" አለ ከጎኑ የተቀመጠው ጋሽ ጋምባ። "ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ጢሙን ሲላጭ ነው። የሾርባ ውሃዬን ጨረሰብኝና ሰዉ ሁሉ ደረቅ ዳቦ ሲግጥ አረፈደ።"

ጋምባ የመርከቡ ወጥ ሠሪ ነው። ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ አፉ ግን የሁለት ጤነኛ እግሮች ያህል ይሮጣል። ጎታርዶ ደግሞ የሸራና የገመድ አለቃ ነው፤ በመርከቡ ላይ ከካፒቴኑና ከምክትሉ ቀጥሎ ቃሉ የሚሰማ ሰው። ካሞሊን የሚገዛው የሰርዲኒያ ንጉሥ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር ወግኖ ሩስያን ልውጋ ባለ ጊዜ፣ የካሞሊ መርከቦች ድርቆሽ፣ ዱቄትና የመድፍ ጥይት ጭነው ክሪሚያ ወረዱ። ጦርነቱ ያለቀው በዚህ ዓመት ነው። ካፒቴኑ መልሕቁን እንዳስጣለ "የመጀመሪያዋ ጀልባ የጎታርዶ ትሁን፤ ያለ እሱ ገመድ ዛሬ ሁላችንም የዓሣ ቀለብ ነበርን" ብሎ አክብሮ ሸኘው።

ማነና ይህን ክብር ስትሰማ ፊቷን ወደ መቅዘፊያዎቿ መለሰች። ሌላ ጀልባ በደረሰ ብላ ተመኝታ ነበር።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ጀልባዋን የምትቀዝፈው እሷ ናት። በካሞሊ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ወንዶቹ ባሕር ላይ ስለሚከርሙ የከተማዋን ስም "የሚስቶች ቤት" ብለው የሚፈቱት አሉ። የተማሩት ሰዎች በዚህ አፈታት ይስቃሉ፤ ሚስቶቹ ግን ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

የጀልባ ቀዛፊዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ የትም አልተጻፈም፣ ማንም አይጥሰውም። ጀልባ ሰው ያመጣል እንጂ መርዶ አያመጣም። በቀዛፊ አፍ የሙት ስም የተጠራባት ጀልባ ራሷ ሙት ትጠራለች ይባላል። ታዲያ ከሩቅ የሚመጣ መርከበኛ ቤቱ ደኅና መሆኑን በምን ያውቃል? በመስኮቱ። ሰው የሞተበት ቤት፣ ለሟች ቅርብ የሆነው ሰው በገዛ እጁ የመስኮቱን መዝጊያ ይዘጋል፤ ዓመት እስኪሞላም አይከፈትም። የድንጋዩን አፍንጫ የዞረ ሰው ዓይኑን አንስቶ ቤቱን ይፈልጋል። ክፍት ከሆነ እሰየው። ዝግ ከሆነ ማንም ቃል ሳይተነፍስ እዚያው ጀልባው ላይ አልቅሶ፣ ፊቱን በባሕር ውሃ ታጥቦ፣ እንደ ወንድ ይወርዳል። ዳር ቆሞ የሚጠብቀውም ሰው ቆቡን አውልቆ ይቀበለዋል።

ማነናም የመርከቡ መምጣት ከተሰማ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ለራሷ የነገረችው ይህንኑ ነው። እኔ ምንም አልልም። መስኮቱ ይነግረዋል። እኔ እግሬን እያየሁ መቅዘፍ ብቻ ነው። የጎታርዶ ሚስት ፔለግራ የክርስትና ልጇ ነበረች። ያለፈው ነሐሴ ኮሌራ የገባ ጊዜ፣ ጧት ዓሣ ስትገዛ የታየች ሴት በማግስቱ አልነበረችም። ወሬው በሌሎች መርከቦች እየተላከ ጎታርዶን ሲከተል ከረመ። በደረሰበት ሁሉ ግን የእሱ መርከብ ሸራዋን ዘርግታ ሄዳለች።

"ይችን እያት" አለ ጎታርዶ። ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ቀይ የሐር ሻሽ አወጣ። "ከቁስጥንጥንያ ናት። ነጋዴው 'ለእናትህ ነው ለሚስትህ?' አለኝ። 'ለሚስቴ' ስለው ያወጣውን መልሶ ሌላ አመጣ። 'ለእናት የሚሰጥ ሌላ ነው፣ ለሚስት የሚሰጥ ሌላ ነው' አለኝ። ቱርክ አዋቂ ነው እኮ እማማ!"

"ቆንጆ ናት" አለች ማነና። ቀና አላለችም።

"እንዲያው እሷ ትወዳታለች ብለህ ነው?" አለ ጋምባ። "ከዓመት በላይ ጠፍተህ በአንድ ሻሽ ልትታረቅ? የቤርቶሜ ተስፋ!"

ጎታርዶ ከት ብሎ ሳቀ። ከካሞሊ ውጭ ይህ ቀልድ አይገባም። መምህር ቤርቶሜ የቤቶቻችንን ፊት የሚቀባ ሽማግሌ ነው። ድንጋይ በሌለበት ጥርብ ድንጋይ፣ ዓምድ በሌለበት ዓምድ፣ መስኮት በሌለበት መስኮት ይሥላል፤ ጥላውን ሳይቀር ፀሐይ ከምትገባበት አቅጣጫ ያሳርፍለታል። እንግዳ መጥቶ ባዶ ግድግዳ ላይ ለተሣለች ድመት "ነይ ሚው" ሲል ስንት ጊዜ ስቀናል! ስለዚህ በእኛ አገር ለዓይን ሞልቶ ለእጅ ባዶ የሆነ ነገር ሁሉ "ቤርቶሜ" ይባላል። የቤርቶሜ ፈገግታ አለ። የቤርቶሜ ጥሎሽ አለ። መንግሥት የገባው ቃልማ የቤርቶሜ የበኩር ልጅ ነው።

ጀልባዋ የድንጋዩን አፍንጫ ዞረች።

ቀዛፊ ወደ ኋላ ዞሮ ስለሚቀዝፍ ማነና ከተማዋን አታያትም። የምታየው የሁለቱን ሰዎች ፊት ነው። ከተማዋ መከፈቷንም ከፊታቸው አወቀች፤ የቤቶቹ ቢጫና ቀይ ዓይናቸው ውስጥ የገባ ያህል ሁለቱም በራ አሉ።

"ቢጫዋ... ከደወሉ ቤት ቀጥሎ..." ጋምባ በጣቱ አየሩን እየቆጠረ የገዛ ቤቱን ፈለገ። ድንገት ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ወይኔ ጋምባ! ክፍት ነው! ሚስቴ አሁንም በሕይወት አለች! እኔ እኮ እዚያ ጦርነት ውስጥ ሰላም ለምጄ ነበር!" ይህን እያለ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር፤ በቆቡ ጠረገውና ሚስቱ የምትሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ጎታርዶም የራሱን ቤት ይፈልጋል። ማነና አንገቷን ደፋች። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። የሚመጣውን ድምፅ ከብዙ ሰዎች ሰምታዋለች። እንደ ተወጋ በሬ የሚያጓራ አለ። ጭራሽ ድምፅ የማያወጣም አለ፤ የሚከፋው እሱ ነው። መቅዘፊያዋን ጨብጣ ጠበቀች።

የመጣው ሳቅ ነበር።

"ክፍት ነው!" አለ ጎታርዶ። "እማማ ማነና፣ ክፍት ነው! ደግሞ አስታውሳ፣ የመዝጊያውን የታችኛዋን ክንፍ ወደ ውጭ ገፍታታለች፣ ሁልጊዜ እኔን በዚያች ሥር ነበር የምታየኝ። በሶብላዋንም አውጥታለች! በሚያዝያ እንዲህ የለመለመ በሶብላ አይተሽ ታውቂያለሽ? እጇ እኮ ነው! የሷ እጅ ድንጋይ ላይ ቢተክልም ይበቅልለታል!"

ማነና እንደ ደነገጠች ዞረች። ጎታርዶ ከሚኖርበት ቀይ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አረንጓዴው መዝጊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የታችኛዋ ክንፍ ወደ ውጭ ተገፍታለች። ከሥሯ የበሶብላ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ጥላው በግድግዳው ላይ ሰያፍ ወድቋል።

ጌታ ሆይ፣ አለች። ግድግዳው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔለግራ ከሞተች በኋላ ኮሌራ የነካውን ክፍል የሚከራይ ጠፋ። አከራዩ መስኮቱን በድንጋይ አስደፍኖ፣ ኖራ አስቀብቶ፣ ክፍሉን ለምድር ቤቱ ሸራ ሰፊ መጋዘን አደረገው። ከፋሲካ በፊት የቤቱን ፊት ሲያሳድስ ደግሞ መምህር ቤርቶሜ የተደፈነው ቦታ ላይ መስኮት ሣለበት፤ አለበለዚያ ፎቁ አንድ ዓይና ይሆናል። ማነና በዚያ ሥር በየቀኑ አልፋለች። አንድ ቀን እንዲያውም "አምሯል፣ መምህር" ብላዋለች። ግን እኛ ካሞሊዎች የተሣለ መስኮትን መስኮት ብለን አንቆጥረውም። ዓይናችን እንደ ግድግዳ ያልፈዋል። እዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ የጎታርዶ እናት ጭምር፣ መስኮቱ እንደ ጠፋ ያውቃል። መስኮቱ እውነተኛ ሳለ ለሄደው ሰው ከባሕር ላይ ምን ሆኖ እንደሚታይ ማንም አላሰበም። አንድም ሰው!

"ፔለግራ!" ብሎ ጮኸ ጎታርዶ። ቆቡን አውልቆ አወዛወዘ። "ፔለግራ ሆይ!"

"ሩቅ ነው፤ አይሰማም" አለች ማነና።

"ትሰማኛለች። ከዚህ ብሳል ታውቀኛለች እኮ።" እንደገና አወዛወዘ፤ ጠበቀ። "እጇን አታወጣም። አኩርፋለች! ጋሽ ጋምባ፣ እውነትክን ነው፤ አኩርፋብኛለች!"

ከግራና ከቀኙ መስኮቶች የተሰጣው ልብስ በነፋሱ ይርገበገባል። የበሶብላው አንዲት ቅጠል እንኳ አትነቃነቅም። ጋምባ መስኮቱን አየ፣ የማነናን ፊት አየ፣ መልሶ መስኮቱን አየ። ከዚያ ቆቡን ቀስ ብሎ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ማነና ቀዘፋዋን አዘገየች። አሁን ዳር ይደርሳሉ። ይህ ሰው ሻሹን ይዞ፣ በሰው መሀል እየሳቀ ይሮጣል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወጣል። በሩን "ማነው?" እስክትለው ይደበድባል። ከፍቶ ሲገባ የሚያገኘው ጥቅል ሸራ ነው። ከተማው ደግሞ ከታች ቆሞ ይሰማዋል። ሕጉን ብታከብር ይህ ይሆናል። ሕጉን ብትጥስ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ጀልባዋ ላይ እግሩን የሚያሳርፍ አይኖርም። እሷም እንደ ሌላው ሰው ሕጉን ታምንበታለች፤ የአባቷም የባሏም ሕግ ነው።

መቅዘፊያዎቹን ከውሃ አወጣቻቸው።

"ምነው ቆምሽ?" አለ ጎታርዶ። "ደከመሽ? አምጪ እኔ ልቅዘፍ።"

"ጎታርዶ ልጄ፣ ተቀመጥ።"

"አሁን እኮ ደረስን!"

"ያ መስኮት ቤርቶሜ ነው።"

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። "እንዴት ቤርቶሜ? የኔ መስኮት እኮ ነው። ማጠፊያውን በገዛ እጄ የመታሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እሱ የት ሄደ?"

"ተደፈነ።"

"ማን ደፈነው? ለምን ይደፈናል?" ወደ ጋምባ ዞረ፤ ጋምባን ባዶ ራሱን እንደ ደፋ አገኘው። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አየ። ለጎታርዶ እንግዲህ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። አፉ ግን ከልቡ ዘግይቶ ሌላ ነገር ጠየቀ። "ከተደፈነ... እሷ በየት በኩል ነው ባሕሩን የምታየው?"

ጀልባዋ በማዕበሉ ቀስ እያለች ወደ ጎን ትሄዳለች። ጋምባ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

"ሞታለች ልጄ" አለች ማነና። ከጀመረች በኋላ መሀል ላይ መተው ጭካኔ መሰላት። "በነሐሴ። ኮሌራው ወሰዳት። አንድ ቀንም አላሰነበታት።"

ጎታርዶ ተቀመጠ። ሻሹን አጣጠፈው፣ መልሶ ፈታው፣ እንደገና አጣጠፈው። ከዚያ "ማን ዘጋው?" አለ።

"ምኑን?"

"መስኮቱን። ስትሞት መስኮቷን ማን ዘጋው? እናቴ ናት?"

ማነና መዋሸት ትችል ነበር። ግን ዛሬ የውሸት መስኮት ያደረሰው ጉዳት በቅቷታል። "ማንም አልዘጋውም። የጤና ሹሞች ያንኑ ቀን በሩን አሸጉት፤ እናትህ እንኳ ወደ ላይ እንድትወጣ አልፈቀዱም። ግንበኛው እስኪመጣ ድረስ ክፍቱን ነበር።"

"እንዲሁ ክፍቱን።"

"ክፍቱን።"

"ስለዚህ ሚስቴን የዘጋላት የለም" አለ። እስከ ዳር ድረስም ፊቱን አልታጠበም።

ወደቡ ላይ እናቱ ብሪጊዳ ቆማለች። ከሃያ ዓመት በፊት ባሏ ከሰጠመ ጀምሮ ጥቁር አውልቃ አታውቅም፤ ስለዚህ ልብሷ ምንም አልነገረውም። ከአጠገቧ ጎረቤቶች አሉ። መምህር ቤርቶሜም አለ፤ አንድ ዓይኑ ሞራ የሸፈነው፣ ጣቶቹ ቀለም የጠጡ ሽማግሌ። ሴቶቹ ጀልባዋ መሀል ላይ መቆሟን ስላዩ ማነና አፏን መክፈቷን አውቀዋል። አንዷ አማተበች። ሌላዋ ልጇን ከጀልባዋ ገመድ ሳብ አደረገች። ማነና አየቻቸው፤ ገመዱን ራሷ ወርውራ ራሷ አሰረች።

ጎታርዶ እናቱን አቅፎ ሳማት። "ልጄ፣ ልጄ" አለችው። ከትከሻዋ በላይ ቤርቶሜን ሲያይ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። ሊመታው ነው ያሉ ነበሩ።

ሽማግሌው ሁሉንም ከሰዎቹ ፊት ተረድቷል። "እኔ... በመስኮቷ ሥር ሳልፍ ከዚያ በሶብላ ቀንጥሳ ትወረውርልኝ ነበር። ለማስታወሻዋ ብዬ ነው፣ ልጄ። አንተን... አንተን አላሰብኩህም። ሌላ ምን ልበልህ? አላሰብኩህም።"

"መምህር፣" አለ ጎታርዶ፣ "አረንጓዴ ቀለም ተርፎዎታል?"

"አለ። ቤት አለ። ነገ ጧት መሰላል ተክዬ እኔው ራሴ እዘጋዋለሁ። የመዝጊያውን ርብራብ አንድ በአንድ..."

"እርስዎ አይዘጉትም። እርስዎ ባዳ ነዎት።"

ሕጉ ሕግ ነውና ማንም አልተከራከረውም። የመርከብ ገመድ መጣ። ጎታርዶ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ገመዱን ከጭስ መውጫው ግንብ ጋር አሰረ፤ ምሰሶ ላይ ሲሠራ የሚቀመጥባትን አጭር ሳንቃ ቋጠረ፤ የቀለሙን ባልዲ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ በቤቱ ፊት ቁልቁል ወረደ። ሸራ ሰፊው መርፌውን ይዞ ከሱቁ ወጣ። የዓሣ ሻጮቹ ጩኸት ቆመ። በእውነተኛዎቹ መስኮቶች ሁሉ የሴት ራስ ብቅ ብሏል።

መስኮቱ ጋ ሲደርስ ብሩሹን አላነሣም። መዳፉን ዘርግቶ በተከፈተው መዝጊያ መሀል፣ ጨለማ ሆኖ በተሣለው በኩል፣ ወደ ውስጥ ሰደደ። መዳፉ ግድግዳ አገኘ። እዚያው አቆየው። ከዚያ ወደ ግንቡ ተጠግቶ በጉልበቱ ተደግፎ፣ ግንባሩን እጁ ባለበት አሳረፈ። የተናገረው ነገር ይኖር እንደሆነ ከታች አልተሰማም። ገመዱ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል።

ኋላ ብሩሹን ነከረ። መርከብ እንደሚቀባ ሰው ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ቀባ። ጨለማውን ሸፈነው። የተገፋችውን ክንፍ ሸፈናት። ማሰሮው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ያቺን በሶብላ የሚያልፋት መስሎን ነበር። እሷንም ቀባት። ቀለሙ በቀዩ ግድግዳ ላይ እየተንጠባጠበ ወረደ።

"ርብራብ የለውም" አለ ቤርቶሜ በለሆሳስ፤ ከልማድ የወጣው ይመስለኛል። "ጥላም የለውም። እንዲህ ከሆነ እኮ መስኮት አይመስልም..."

"ዝም በል፣ መምህር" አለችው ማነና።

እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ነበር። በካሞሊ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም። አንድ ትልቅ አረንጓዴ እድፍ ሆነ። ነገር ግን ዝግ ነው። የትም ቆሞ ያየው ሰው፣ ከባሕርም ከየብስም፣ ዝግ መሆኑን አይስትም።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ወረደ። ብሪጊዳ ደረጃው ሥር አስቀምጣ፣ እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ በወይራ ዘይትና በጨርቅ ቀለሙን ታስለቅቅለት ጀመር። ጣት ጣቱን፣ ጥፍር ጥፍሩን። ሻሹ ከኪሱ ግማሽ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ አረንጓዴ ነክቶታል። ማንም አልነካለትም።

"እማዬ" አለ።

"ወዬ ልጄ።"

"ገና እርጥብ ነው። እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው ንገሪያቸው።"

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ግድግዳ ማን ይነካዋል? ብሪጊዳ ግን "እሺ ልጄ፣ እነግራቸዋለሁ" አለችው። እጁን አድርቃ፣ ተነሥታ፣ ከቤቱ ፊት መንገዱ መሀል ቆመች። እስኪጨልም ድረስ ለሚያልፈው ሁሉ፣ ከሥራ ለሚመለሰውም፣ ውሃ ለሚቀዳውም፣ "እርጥብ ነው፣ እባካችሁ፣ እንዳትነኩት" እያለች አመሸች። የሚያልፈውም ሰው ቀና ብሎ ያይና "እሺ፣ እማማ" እያለ ጥግ ይዞ ያልፍ ነበር።